ማኅተሙን ማን ይያዝ?

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ በምኖርበት ሰፈር፣ ጎን ለጎን የኖሩ ሁለት ቅሬዎች አሉ። የአንደኛው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት በሌላው አካባቢ እድር የሚባለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ተጽፎ ሐዘንተኛን በአንድ ድንኳን ሥር የሚያጽናናበት፣ ከቀብር የቀረ የሚቀጣበት ማኅበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለቱ ቅሬዎች ንብረታቸውን ይቀላቅሉ የሚል ሐሳብ ተነሣ። የእኛ ድንኳን አርጅቶ ነበር፤ የእነሱ ወንበር ተሰባብሮ አልቋል፤ ብረት ድስት ለሁለታችንም ጎድሏል። አባላቱ በአንድ እሑድ ጠዋት ተሰብስበው ያለ ብዙ ክርክር ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ፣ ማለትም የሁለቱ ቅሬዎች ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎችና ገንዘብ ያዦች ነበር፤ እኛም ስምንት ወር ፈጀንበት። ስምንት ወር ያቆየን የድንኳኑ ዋጋ ወይም የመዋጮው መጠን አልነበረም። የጋራው ቅሬ ማኅተም በማን እጅ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ነበር።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት ታሪክ አስተምሬአለሁ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ፣ አህጉሪቱ አንድ መንግሥት ያላቆመችው ሕዝቦቿ ስላልተዋወቁ፣ ንግዳቸው ስለተራራቀና ቋንቋቸው ስለበዛ ነው እያልኩ ለተማሪዎቼ እነግራቸው ነበር። ዛሬ ያንን ማብራሪያ አልደግመውም። ከአገር በላይ የሆነ መንግሥት የሚቆመውም የሚቀረውም በጥቂት የፖለቲካ ልሂቃን እጅ እንደሆነ፣ እንቅፋቱም ከሕዝቡ አለመንቃት ይልቅ እነዚሁ ልሂቃን የራሳቸውን ድርሻ ለመልቀቅ አለመፍቀዳቸው እንደሆነ አምናለሁ። ይህን እምነት የሰጠኝ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ እነዚያ ስምንት ወራትም ናቸው።

ከአገር በላይ የሆነ መንግሥት ስል ወዳጅነትን ወይም የጦር ቃል ኪዳንን ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልግለጽ። አገሮች ከሉዓላዊነታቸው ቆርሰው ለአንድ የጋራ አካል የሚሰጡበትን፣ ያ አካል የሚወስነውም የተቃወመውን አገር ጭምር የሚያስገድድበትን ሥርዓት ማለቴ ነው። በቅሬ ቋንቋ ብናገር፣ ቅጣቱ ያልተዋጠለት አባልም ይከፍላል። (የውጭውን ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን በእኛው ዓመተ ምሕረት አስቀምጣለሁ።)

የዚህ ሥርዓት ትልቁ ምሳሌ አውሮፓ ነው፤ ጅማሬውንም ያወቁት በጣም ጥቂት ሰዎች ነበሩ። በ1950 የጸደይ ወራት ዣን ሞኔ ከጥቂት ረዳቶቹ ጋር ሆኖ፣ የፈረንሳይና የጀርመን የድንጋይ ከሰልና የብረት ምርት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር ይሁን የሚል አጭር ሰነድ እየሰረዘ እየደለዘ አዘጋጀ። ሞኔ የኮኛክ ነጋዴ ልጅ ሲሆን በሕይወቱ አንድም ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ተመርጦ ሥልጣን አልያዘም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮቤር ሹማን ሰነዱን የራሱ አድርጎ ሜይ 9 ቀን 1950 ፓሪስ ላይ በይፋ አነበበው። አብዛኞቹ የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ነገሩን በቅጡ ባላወቁበት ሰዓት፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዲን አቺሰን ከሁለት ቀን በፊት ሰምቶት ነበር፤ የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኮንራድ አደናወርም ፈቃዱን የሰጠው በዚያው ዕለት ጠዋት በተላከለት የግል መልእክት ነው። በቀጣዩ ዓመት ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ስምምነቱን ፈረሙ፤ በ1952 ሥራውን የጀመረው ዘጠኝ አባላት ያሉት የጋራ ባለሥልጣን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንትም ሞኔ ሆነ። ሐሳቡ ከማዕድን ቆፋሪው ወይም ከብረት አቅላጩ አልመጣም፤ ሕዝበ ውሳኔም አልተካሄደበትም።

በእነዚህ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ዘወትር የሚያስደንቀኝ የትውልድ ቦታቸው ነው። ሹማን ሉክሰምበርግ ውስጥ በጀርመን ዜግነት ተወልዶ፣ የአባቱ አገር ሎሬን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ስትመለስ ፈረንሳዊ የሆነ ሰው ነው። የጣሊያኑ ጠቅላይ ሚኒስትር አልቺዴ ዴ ጋስፔሪ የተወለደው በዚያን ጊዜ የኦስትሪያ ግዛት በነበረው ትሬንቲኖ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በፊት ቪየና በሚገኘው ምክር ቤት ተቀምጧል። አደናወር የራይን ወንዝ ዳር ሰው ነው። ሦስቱም ጀርመንኛ ይናገሩ ነበር። ድንበር እላያቸው ላይ ሲሄድና ሲመለስ ያዩ፣ ዜግነት በአንድ ስምምነት እንደሚለወጥ በራሳቸው ሕይወት ያወቁ ናቸው። የሰኞውን የባቲ ገበያ የሚያውቅ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው በአንድ ሜዳ ሲገበያዩ እያየ ያደገ ወሎዬ፣ መተላለፊያ ላይ የሚኖር ሰው ስለ ወሰን ያለው ስሜት ከመሐል አገር ሰው ስሜት ለምን እንደሚለይ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ደግነት ብቻውን ይህን አላሠራቸውም። ምዕራብ ጀርመን በ1950 ሙሉ ሉዓላዊነት አልነበራትም፤ የሩር ከሰልና ብረቷም በዓለም አቀፍ ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ነበር። ስለዚህ አደናወር ከሌሎች ጋር በእኩልነት ለጋራ አካል ሲሰጥ፣ በእጁ ያልነበረውን እያገኘ ነበር። ፈረንሳይ የሩርን ከሰል ትፈልጋለች፤ ጀርመን ዳግም እንዳትነሣባትም ትሰጋለች። አሜሪካ በማርሻል ዕቅድ ገንዘብ እየረዳች አውሮፓውያኑ እንዲቀራረቡ ትገፋፋ ነበር። ከሁሉም በላይ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያለቀው ሕዝብ ሉዓላዊነት የሚባለው ነገር እንዳላዳነው መሪዎቹ አይተዋል። ተሸንፎ ወይም ተዋርዶ የወጣ ልሂቅ ሥልጣንን ቆርሶ መስጠት አይከብደውም። ይህ ነጥብ ወደ አፍሪካ ስንመጣ ይጠቅመናል።

እዚያም ቢሆን መንገዱ ቀና አልነበረም። የጋራ የአውሮፓ ጦር ለማቋቋም የቀረበውን ስምምነት፣ ሐሳቡን ያመነጨችው ፈረንሳይ ራሷ በኦገስት 1954 በምክር ቤቷ ጣለችው። በ1957 ሮም ላይ የጋራ ገበያው ተፈረመ። በ1965 አጋማሽ ደግሞ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል በጋራው የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአገራቸውን ወንበር ለሰባት ወር ያህል ባዶ አደረጉት፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ውሳኔዎች በአብላጫ ድምፅ ይተላለፉ የሚለው ድንጋጌ ሥራ ላይ ሊውል መቃረቡ ነበር። በጃንዋሪ 1966 ሉክሰምበርግ ላይ በተደረሰው መግባባት፣ አንድ አገር ወሳኝ ጥቅሜ ተነካ ካለ ንግግሩ እስከ ስምምነት ይቀጥል ተባለ፤ ለሃያ ዓመት ያህልም ጉዳዮች በአንድ አገር እምቢታ ይታገዱ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ወንበር፣ ሃያ ዓመት። እንቅፋቱ የተነሣው ከፓሪስ ገበያተኛ ሳይሆን ከቤተ መንግሥቱ ነው።

በጥቂቶች ተጀምሮ በጥቂቶች የሚፈረም ነገር ምን ዓይነት አደጋ እንዳለው ለማወቅ ግን እኛ ብራስልስ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ውጫሌን ያገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በአንቶኔሊ መካከል የተደረገው ውል በዚያ ተፈረመ። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የአማርኛ ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ሮም የጣሊያንኛውን ቅጂ ይዛ ግዴታ አለባቸው አለች፤ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላም ለአውሮፓ አስታወቀች። በአንድ ግሥ ላይ የተነሣው ጠብ ዐድዋ ድረስ ሄደ። ውጫሌ ከአገር በላይ የሆነ መንግሥት ለመገንባት የተደረገ ስምምነት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ይልቁንም የተቃራኒው፣ የማታለል ምሳሌ ነው። ነገር ግን ሉዓላዊነትን የሚነካ ሰነድ ጥቂቶች ብቻ አንብበውት ሲፈረም፣ አገር ምን እንደፈረመች የምትረዳው ከጊዜ በኋላ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ምሳሌ በአቅራቢያዬ የለኝም።

ሌላውም ምሳሌ ደጃችን ላይ ነው። ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የሃይማኖት ጉባኤ ጠርተው አንድነትን ከላይ አወጁ። ከጉባኤው በኋላ የወሎ መኳንንት ኢማም መሐመድ አሊ ሚካኤል ተብለው፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ተጠመቁ፤ ክርስትና ያነሷቸውም ነገሥታቱ ራሳቸው ነበሩ። ከልሂቃኑ አንጻር ጉዳዩ ያለቀ ይመስል ነበር። ያልተጠየቀው ሕዝብ ጋ ሲደርስ ግን የሼህ ጦልሃን አመፅ አስነሣ፤ ወሎም ለዓመታት ብዙ ደም ከፈለ። ዛሬ በአንድ ቅሬ የሚቀባበሩት የሁለቱ እምነቶች ልጆች አብሮነታቸውን ያገኙት ከቦሩ ሜዳ ዐዋጅ ሳይሆን ከራሳቸው ጉርብትና ነው።

ወደ አውሮፓ ስመለስ፣ ያልተጠየቀው ሕዝብ እዚያም ተራው ደርሶ ተናገረ። የአውሮፓ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ የተመረጡት በ1979 ነው፤ ይኸውም ከሹማን ንግግር ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ። በ1992 የአውሮፓ ኅብረትን የሚያቋቁመው የማስትሪክት ስምምነት ሲመጣ ዴንማርኮች በጠባብ ልዩነት እምቢ አሉ፤ ፈረንሳዮች 51 በመቶ በሚሆን ድምፅ ብቻ ተቀበሉት። በ2005 የአውሮፓ ሕገ መንግሥት የተባለውን ረቂቅ ፈረንሳይም ኔዘርላንድስም በሕዝበ ውሳኔ ጣሉት፤ መሪዎቹም አብዛኛውን ይዘቱን በሊዝበን ስምምነት መልሰው አመጡት፤ በዚህኛው ላይ ሕዝቧን የጠየቀችው አየርላንድ ብቻ ነበረች። አየርላንዶች በ2008 እምቢ ሲሉ በቀጣዩ ዓመት ድጋሚ ተጠየቁ፤ ያን ጊዜ እሺ አሉ። ሞኔና ሹማን ሕዝቡን ሳይጠይቁ መጀመራቸውን አልወቅስም፤ በዚያ ፍርስራሽ ላይ የሚጠየቅ ቢኖር ዳቦ ነበር። ጠይቆ መልሱን አለመስማት ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዞች በ2016 ከኅብረቱ እንውጣ ብለው በ52 በመቶ ገደማ ድምፅ ያሳዩት ቁጣ ከዚህ ጋር ፈጽሞ አይገናኝም የሚለኝን ሰው አላምነውም።

አሁን ወደ እኛው አህጉር። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለማቋቋም አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች የመጡት በሁለት ጎራ ተከፍለው ነበር፤ ፈጣን አንድነት በሚሻው በካዛብላንካና ቀስ እንበል በሚለው በሞንሮቪያ ስም። እነዚያን ጎራዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ ለማስገባት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ ከዋና ከተማ ወደ ዋና ከተማ የተመላለሱበት ድካም በትምህርት ቤት መጻሕፍታችን የሚገባውን ያህል አልተነገረም። የጋናው ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ የጋራ መከላከያ፣ የጋራ የውጭ ጉዳይና የጋራ የኢኮኖሚ ዕቅድ ያለው የአህጉር መንግሥት ይቋቋም አሉ። የተፈረመው ቻርተር ግን በአንዱ አገር የውስጥ ጉዳይ ሌላው ጣልቃ አይግባ የሚል ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ካይሮ ላይ ደግሞ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ወሰን ይከበር ተባለ። እዚህ ላይ የአውሮፓው ነጥብ ይመጣል። ሹማንና አደናወር የሰጡት ያላዳናቸውን ሉዓላዊነት ነው፤ የአፍሪካ መሪዎች ግን ሉዓላዊነትን ከተቀበሉ ሁለት ሦስት ዓመታቸው ነበር፤ ብዙዎቹም ለእርሱ ታስረዋል፣ ተሰደዋል። አዲስ ሰንደቅ ዓላማን አጣጥፎ ለሌላ መስጠት በፍትሕ ሲታይ ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

ይህን በሐቀኝነት የተናገሩት የታንጋኒካ፣ የኋላዋ ታንዛኒያ፣ መሪ ጁሊየስ ኔሬሬ ናቸው። በ1960 ኬንያና ኡጋንዳ እስኪደርሱባት ድረስ የታንጋኒካ ነጻነት ይዘግይ፣ ሦስቱም በአንድ ፌዴሬሽን ነጻ ይውጡ ያሉ ሰው ናቸው፤ የንክሩማን የአህጉር መንግሥት ሐሳብ ግን በጊዜው ተቃውመዋል። በ1997 ጋና የነጻነቷን 40ኛ ዓመት ስታከብር አክራ ላይ ሲናገሩ፣ መዝሙርን፣ ሰንደቅ ዓላማን፣ ፓስፖርትን፣ የተባበሩት መንግሥታት ወንበርንና ሃያ አንድ ጊዜ መድፍ የሚተኮስላቸውን ሰዎች አንዴ ካበዛን፣ አፍሪካ ተከፋፍላ እንድትቀር ጥቅማቸው የሚያስገድዳቸው ብዙ ኃያላን እንደምንፈጥር፣ ንክሩማም ይህን ቀድመው እንዳዩ መሰከሩ። ስለ ራሳቸው ወገን፣ ማለትም ስለ ልሂቃኑ፣ እንዲህ የተናገረ መሪ ብዙ አላውቅም።

የኔሬሬ የራሳቸው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ዕጣም ትምህርት ነው። ከ1967 ጀምሮ ሦስቱ አገሮች የጋራ የባቡር መንገድ፣ የጋራ ወደቦች፣ የጋራ ፖስታና የጋራ አየር መንገድ ነበራቸው። (የእኛ የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ተዘርግቶ ባቡር ሲናፍቅ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።) ነገር ግን የበላዩ ሥልጣን የሦስቱ መሪዎች ጉባኤ ነበር። በ1971 ኢዲ አሚን በመፈንቅለ መንግሥት ካምፓላን ሲይዝ ኔሬሬ ከእርሱ ጋር አልቀመጥም አሉ፤ ጉባኤውም ከዚያ ወዲህ አልተሰበሰበም። የኬንያና የታንዛኒያ የጥቅም ጠብ ተጨምሮበት ማኅበረሰቡ በ1977 ፈረሰ። ኔሬሬ ከአሚን ጋር አለመቀመጣቸውን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ ጥፋቱ ሦስት ሰዎች ካልተቀመጡ የማይንቀሳቀስ ቤት መሠራቱ ነው።

የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ደርባን ላይ ሲመሠረት ይህ የተስተካከለ መስሎ ነበር። የኅብረቱ ማቋቋሚያ ሰነድ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር ኅብረቱ በአባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። በዲሴምበር 2015 የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤቱ ወደ ቡሩንዲ 5,000 ወታደር ይላክ ብሎ ወሰነ። በሚቀጥለው ወር አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሪዎች፣ የቡሩንዲ መንግሥት ሳይፈቅድ አይሆንም ብለው ውሳኔውን አጠፉት። ማኅተሙን ለጋራው አካል ሰጥተናል ያሉት ሰዎች ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ አስቀርተውት ነበር። በ2007 አክራ ላይ በአህጉር መንግሥት ጉዳይ ትልቅ ክርክር ሲደረግ፣ አሁኑኑ ይሁን ብለው ከጮኹት ሁሉ የሊቢያው የሙአመር ጋዳፊ ድምፅ ይበልጥ ነበር፤ በአገራቸው ግን ሥልጣንን ለ42 ዓመት ለማንም አላካፈሉም። ኅብረቱ የሚሰበሰብበት ሕንጻ ደግሞ የቻይና ስጦታ ነው፤ ይህን ያነሣሁት ለነቀፋ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቤት በራሱ መዋጮ ያልሠራ ማኅበር አባላቱን ለመቅጣት እንደሚያፍር በቅሬ ስላየሁ ነው።

ጦርነቱ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ዘግቶ ከወጣው ሕዝብ አንዱ ስለነበርኩ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ሥር የተፈረመውን ስምምነት የሰማሁት እንደ ተራ ዜና አልነበረም። አሸማጋዮቹ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ፣ ኡሁሩ ኬንያታና ፉምዚሌ ምላምቦ-ንጉካ ነበሩ፤ ሁለቱ የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች፣ ሦስተኛዋ የቀድሞ ምክትል ፕሬዚዳንት። ኅብረቱ የሚያዝዘው ጦር ወይም የሚያስፈጽመው ፍርድ ስላልነበረው፣ በእኔ ግምት ያዋጣው የሰዎቹ ክብር ነበር። ይህ ከወሎ አባጋሮች ሽምግልና ብዙም አይርቅም፤ አባጋር የሚታመነው ሥልጣኑን ትቶ በመካከል ስለሚቀመጥ ነው። ምናልባት አፍሪካ ያላት ትልቁ ከአገር በላይ የሆነ ሀብት ሥልጣን የለቀቀ መሪ ይሆን? ብዙ አለመኖራቸው ነው ችግሩ።

ሰሞኑን ኮምቦልቻ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ሻይ ስጠጣ ከአንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ጋር ስለ አህጉራዊው ነጻ የንግድ ቀጠና አወጋን። ስምምነቱ በ2018 ኪጋሊ ላይ በ44 አገሮች ተፈርሟል፤ ኢትዮጵያም በቀጣዩ ዓመት አጽድቃዋለች። ሾፌሩ አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ እኔም በሬዲዮ እሰማለሁ፤ ገላፊ ስደርስ ግን የምጠየቀው ያው ወረቀት ነው» አለኝ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ የታሪፍ ቅነሳ የጉምሩክ ኬላን አያነሣም። ኬላውን ለሰው ቀላል ሊያደርግ የሚችለው በ2018 አዲስ አበባ ላይ የቀረበው የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል ነው። ከሠላሳ በላይ አገሮች ፈርመውታል፤ ሥራ ላይ እንዲውል ግን 15 አገሮች ሊያጸድቁት ይገባ ነበር፤ ያ ቁጥር አልሞላም። ለመላው አፍሪካ ምክር ቤት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ሊሰጥ የታሰበው የ2014 የማላቦ ፕሮቶኮልም እንዲሁ ተቀምጧል። የፈረሙትም የሚያጸድቁትም ያው ሰዎች ናቸው፤ በፊርማውና በማጽደቁ መካከል የቆመ የሕዝብ ሰልፍ ግን አላየሁም። መውጣቱ ሲሆን ፈጣን ነው፤ ማሊ፣ ቡርኪና ፋሶና ኒጀር በጃንዋሪ 2024 ከምዕራብ አፍሪካው ማኅበረሰብ እንወጣለን ያሉት በሦስት ወታደራዊ መንግሥታት መግለጫ ነው፤ በዓመቱም ወጡ።

የእኛ ቅሬዎች ነገር በስምንተኛው ወር እንዲህ አለቀ። የሁለቱ ሰብሳቢዎች አሳብ አልገናኝ ሲል፣ የእነሱ ቅሬ ገንዘብ ያዥ የሆኑት እናት፣ «እኔ የምቀብረው ሰው አለኝ፤ እናንተ ማኅተም ስትጠብቁ ድንኳኑን ስጡን» ብለው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከሰብሳቢያቸው ተቀበሉ። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ያን ሳምንት ተቀላቀለ። አዲሱን መተዳደሪያ ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለ ማኅተሙ የሚናገረው አንቀጽ ግን እስካሁን ባዶ ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ሐዘንተኛ ቤት ገንዘብ ስናወጣ ደረሰኙ ላይ ሁለት ማኅተም አረፈበት፤ አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ ስለተደረበ የአባሉን ስም ለማንበብ መነጽሬን አውጥቼ ደግሜ ማየት ነበረብኝ።